አባታችን ቃል ጠፋበት እንጂ ነገር አልጠፋበትም



ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ አባታችን ነው። እኛ ልጆቹ አምስት ነን፤ አንዱ ይጽፋል፣ አራቱ ያርማሉ፣ እናታችን ደግሞ ከጎን ቁጭ ብላ «ይኼን ተዉት፣ ይኼን ጻፉ» ትላለች። እሱንም አስፈቅደነዋል። ራሱን ነቅንቆ ብቻ ሳይሆን በአፉ «ጻፉ» ብሎናል። ይህቺን አንዲት ቃል እንደልቡ ለማለት ከአንድ ዓመት በላይ ለፍቷል።

ነገሩ የደረሰው በሰንበት ጠዋት ነው። አባታችን እንደ ወትሮው ተነሥቶ እናታችንን «እንደምን አደርሽ» ብሏታል። ትንሽ ቆይቶ ብርጭቆ ሊያነሣ ሲል ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፣ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፣ ሊናገር ሲል የሚወጣው ድምፅ እንጂ ቃል አልሆነም። እናታችን ሰንበት የምታከብር ሴት ናት፤ በሰንበት ስልክ ስትነካ አይተናት አናውቅም። ስልኩን መጀመሪያ ያነሣችው ግን እሷ ናት። «ነፍስ ከሰንበት ትበልጣለች» ብላ 101 ደወለች።

ይኼን ጉዳይ ገና ከመነሻው እንንገራችሁ። ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተሳከረ «ትንሽ ይተኛና ይለቀዋል» አይባልም። ወዲያው 101 ነው። ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ያዙ፣ ሰውየው ተኝቶ ሲነቃ ከሆነም መጨረሻ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት። የረጋውን ደም የሚያቀልጠው መድኃኒት የሚሰጠው በአብዛኛው ሕመሙ ከጀመረ አንሥቶ 4 ሰዓት ተኩል እስኪሞላ ድረስ ነው። አንዳንዱን የረጋ ደም ደግሞ በደም ሥር ገብተው ይጎትቱታል፤ ለዚህ ጊዜው ሊረዝም ይችላል፣ ግን እሱም ቢሆን በቶሎ ሲሆን ነው። እስኪደርሱላችሁ ቡናም፣ ውሃም፣ ክኒንም በአፍ አትስጡ። ጉሮሮው ከዛለ ወደ ሳንባ ይገባበታል። ይህን ከያዛችሁ የቀረውን ባታነቡትም አንቀየምም።

አባታችን ተረፈ። እግሩም በጥቂት ወራት ተመለሰ፣ አሁን በከዘራ ይሄዳል። አፉ ግን ወደ ኋላ ቀረ። ሐኪሞቹ ስትሮኩን በዕብራይስጥ «ሻቫጽ ሞሒ» ይሉታል፤ ከዚያ የመጣውን የቋንቋ ጉዳት ደግሞ «አፋዝያ»። በግራ በኩል ያለው የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶ ነው። በአብዛኛው ሰው ዘንድ ቋንቋ የሚሠራው በግራው በኩል ነው፤ ቀኝ እጅን የሚያዝዘውም ይኸው የግራ ወገን ስለሆነ እጅና አፍ አብረው ይታመማሉ።

አፋዝያ የምላስ በሽታ አይደለም፣ የእብደትም አይደለም። ሰውየው ልጆቹን ያውቃል፣ ዕዳውን ያውቃል፣ ማን እንደሚወደውና ማን እንደሚያማው ያውቃል። ያወቀውን ወደ ቃል የሚቀይርበት ቦታ ነው የተጎዳው። ሐኪሞች ይህን ካወቁት ቆይቷል። በ1861 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ፓሪስ ውስጥ ፖል ብሮካ የሚባል ሐኪም ለብዙ ዓመታት «ታን» ከሚል ድምፅ በቀር ምንም ማለት ያቃተው ሕመምተኛ ገጠመው። ሰዎችም ስሙን «ታን» አሉት። የሚሉትን ግን ይሰማ ነበር፤ በእጁም ይመልስ ነበር። ሲሞት አንጎሉ ቢታይ ጉዳቱ በግራ በኩል ፊት ለፊት ላይ ተገኘ። ከዚያ በ1874 ካርል ቬርኒከ የሚባል ጀርመናዊ ሌላውን ዓይነት አሳየ፤ ሰውየው እንደ ውሃ ይናገራል፣ የሚናገረው ግን ትርጉም የለውም፣ የሚባለውንም በደንብ አይረዳም። የአባታችን ወደ ብሮካ ሰውዬ ያደላል። ብዙ ይገባዋል፣ ጥቂት ይወጣዋል።

ችግሩ ግን «ብዙ ይገባዋል» የሚለውን ማን ያውቃል? በምንድን ነው የሚታወቀው?

አባታችን የመጣው በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ነው። ኡልፓን የገባው ጸጉሩ ሸብቶ ነው። ዕብራይስጡ የፋብሪካ ዕብራይስጥ ነው፤ «ቶሎ በል»፣ «እዚህ አስቀምጥ»፣ «ነገ ና»፣ ደግሞ ከልጅ ልጆቹ ጋር የሚጫወትባት ትንሽ። ሆስፒታሉ (የት እንደሆነ አንጽፍም) የመረመረው በዕብራይስጥ ነው። «ዓይንህን ጨፍን»፣ «ሁለት ጣት አሳየኝ» አሉት። ዝም ብሎ አያቸው። ብዕር ሰጥተው «ስምህን ጻፍ» አሉት። አባታችን ጤነኛ እያለም ፊደል አልቆጠረም፤ እኛ ነን ስሙን ማስፈረም ያለማመድነው። ፋይሉ ላይ «አይተባበርም፣ አይረዳም» ተብሎ ተጻፈ።

አንድ ቀን የክፍሉ ጽዳት ሠራተኛ፣ እግዚአብሔር ይስጣትና፣ መጥረጊያዋን አቁማ በአማርኛ «አባባ፣ እስቲ ዓይንዎን ይጨፍኑ» አለችው። ጨፈነ። «ይግለጡ» አለችው። ገለጠ። ከዚያ ፈገግ አለ፣ በአንድ በኩል።

ጽዳት ሠራተኛ ግን አስተርጓሚ አይደለችም፤ የእሷም ሥራ አይደለም። በ2011 የወጣ የጤና ሚኒስቴር መመሪያ የሕክምና ተቋማት አገልግሎታቸውን በቋንቋና በባህል ለታካሚው ተደራሽ እንዲያደርጉ ያዛል። አስተርጓሚ ስንጠይቅ ልመና አይደለም። ለአፋዝያ ታማሚ ደግሞ ይህ ከሌላው ሁሉ ይብሳል፤ ምክንያቱም የሚመረመረው ራሱ ቋንቋው ነው። የሆዱን ሕመም በማያውቀው ቋንቋ ብትመረምሩት ሆዱ ያው ሆዱ ነው። ቋንቋውን በማያውቀው ቋንቋ ብትመረምሩት ግን የምታገኙት የእሱን ጉዳት ሳይሆን የኡልፓኑን ውጤት ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደምንከራከር ትገረሙ ይሆናል። «አይረዳም» የሚለው ቃል ብቻውን አይቀመጥም፣ ወረቀት ይወልዳል። በሦስተኛው ሳምንት ኦቬዴት ሶጺያሊቷ ጠርታን «አፖትሮፖስ ይሾምለት» አለችን። ማለት በገንዘቡም፣ በሕክምናውም፣ በሚኖርበት ቦታም የሚወስንለት ሞግዚት። ሰባት ልጅ ወልዶ ሁለቱን ቀብሮ አምስት ያሳደገ ሰው! እኛም መካከል ነገሩ ከፈለን። ሁለታችን «ሥራ ይቀላል፣ ባንክ ያስቸግረናል» አልን፤ ሦስታችን «እስቲ መጀመሪያ እሱ ይጠየቅ» አልን። እናታችን ምንም አላለችም፤ ተነሥታ ቡና ማፍላት ጀመረች። ስትቆጣ እንዲህ ናት።

ጠየቅነው። በአማርኛ፣ በአጭር በአጭሩ፣ አንዱን ነገር ለብቻው። የባንክ ደብተሩን አሳየነው፣ እኛን አንድ በአንድ አሳየነው፣ «እኛ እንወስንልህ ወይስ አንተ?» አልነው። ግራ እጁን ደረቱ ላይ መታ። ሌላ ቀን ገልብጠን ጠየቅነው፣ ያንኑ መለሰ። ከዚያ በአስተርጓሚ እንደገና እንዲመረመር አመለከትን፤ ተመረመረ፣ «ቀላል ዓረፍተ ነገር በአማርኛ በሚገባ ይረዳል» ተብሎ ተጻፈ። አፖትሮፖሱ ቀረ። በነገራችን ላይ ሕጉ በ2016 ተሻሽሏል፤ ሰውን ከመተካት ይልቅ እንዲወስን የሚያግዘው ሰው መመደብም ይቻላል፣ ጤነኛ ሳሉ ደግሞ «ወደፊት ባልችል እገሌ ይወስንልኝ» ብሎ በጠበቃ ፊት ማስፈረም ይቻላል። ጤነኛ የሆናችሁ ወላጆች ይህን ከልጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት። ደስ የሚል ወሬ አይደለም፣ እናውቃለን።

ወደ አንጎሉ እንመለስ። አባታችን «ውሃ» ማለት በማይችልበት ወቅት «እንደምን አደርክ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ይል ነበር። ጥርት አድርጎ! ጠያቂዎች «ይኸው ይናገራል እኮ፣ አኩርፎ ነው» ይሉ ነበር። አላኮረፈም። ዕድሜ ልክ የተባለ ምርቃት፣ ሰላምታ፣ ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር፣ ስድብም ጭምር፣ ቃል በቃል ተፈልጎ የሚገጣጠም ንግግር አይደለም። እንደ አንድ ቁራጭ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ አንጎልም የሚይዘው በሌላ መንገድ ነው፤ ቀኙ ወገንና ውስጠኛው ክፍል ብዙ ድርሻ አላቸው ይባላል። «ውሃ ስጡኝ» ለማለት ግን ቃሉን መፈለግ፣ «ስጡ» ላይ «ኝ»ን መቀጠል አለበት። ይህ ነው የተሰበረው።

ታዲያ የተሰበረው እንዴት ይጠገናል? የሞተው የአንጎል ሥጋ አይነሣም። ጎረቤቱ ግን ይማራል። ሳይንቲስቶች ሰውየው መኪናው ውስጥ ተኝቶ ቃል ሲሰማ ወይም ሲያስብ የትኛው የአንጎል ክፍል ብዙ ደም እንደሚስብ በኤም አር አይ ማየት ይችላሉ፤ የሚሠራ ቦታ ደም ይጠራልና። በ2006 ጀርመን አገር የወጣ ጥናት 14 ታማሚዎችን ከስትሮኩ በኋላ በተለያየ ጊዜ ደጋግሞ አየ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተረፈው የግራ ወገን ራሱ ጸጥ ብሎ ነበር፣ ደንግጦ እንደተቀመጠ ሰው። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆን የቋንቋው መረብ በኃይል ተነሣ፣ በተለይ በቀኝ በኩል። ከወራት በኋላ ደግሞ ሥራው ወደ ግራው ተመለሰ፣ ጉዳቱ አጠገብ ወዳለው ወደ ተረፈው ቦታ።

ለአባታችን ይህን ስናስረዳው በወንፈል ነው። በሬው የሞተበት ሰው አለ፤ ጎረቤት በሬውን ይዞ ይመጣና ያርስለታል። ቆይቶ ባለቤቱ ሌላ በሬ ሲያገኝ የራሱን ማሳ ራሱ ያርሳል፤ ካላገኘ ጎረቤቱ እያረሰ ይቆያል። የአንጎሉ ግራ ክፍል በጣም የተጎዳበት ሰው ቀኙ እያገዘው ይኖራል። የቀኙ እገዛ ሁልጊዜ ይጠቅማል ወይስ አንዳንዴ ግራውን ያዘናጋዋል በሚለው ላይ ሊቃውንቱ ራሳቸው ገና ይከራከራሉ። አባታችን ይህን ሲሰማ በግራ እጁ በሬ እንደሚነዳ ሰው አለንጋ አነሣ። ገብቶታል።

ከሆስፒታሉ ወደ ሺኩም ሲዛወር ያገኘናት ክሊናኢት ቲክሾሬት ወጣት ናት፣ ራሷ በልጅነቷ ከሩሲያ የመጣች። አንድም አማርኛ አታውቅም። ግን መጀመሪያ የጠየቀችን «በቤት በምን ቋንቋ ይቆጣል?» ብላ ነው። የእሷም አያት ታመው ሩሲያኛቸው ሲቀር ዕብራይስጣቸው እንደጠፋ ነገረችን። በድሮ ጊዜ ሪቦ የሚባል ፈረንሳዊ «የልጅነት ቋንቋ ቀድሞ ይመለሳል» ብሎ ነበር፤ ፒትር የሚባል ደግሞ «የለም፣ አዘውትሮ የሚነገረው ነው» አለ። ብዙ ሰው ላይ ግን ሁለቱም ቋንቋዎች ጎን ለጎን እንደሚመለሱ ታይቷል። አባታችን ላይ አማርኛው ቀደመ። እሷም በአማርኛ እንሥራ አለች፤ ዘዴው የእሷ፣ ቃሉ የእኛ።

የነበሯት የሥዕል ካርዶች ግን ለአባታችን አልሆኑም። የበረዶ መንሸራተቻ፣ ፒያኖ፣ ብሮኮሊ። ብሮኮሊ በአማርኛ ምንድን ነው? እኛም አናውቅም። አባታችን ካርዱን ገፋው፣ «ሕፃን መሰልኳችሁ?» በሚል ዓይን። ስለዚህ ታላቅ ወንድማችን ማታ ማታ ሥዕል መሣል ጀመረ። ጀበና፣ ምጣድ፣ ወንፊት፣ ገንቦ፣ ቀንበር። ማረሻውን የሣለ ዕለት አባታችን ካርዱን በግራ እጁ ያዘና ረጅም ጊዜ አየው። «ሞ… ሞ…» አለ። ክሊናኢቷ እጇን አንሥታ ሁላችንንም ዝም አሰኘችን። «ሞፈር» አለ። ከዚያ ሥዕሉ ላይ ጣቱን ደቀነ፤ ድግር አልነበረውም። ድግር የሌለው ማረሻ ሥለን ነበር ለካ! አስተካከልነው።

ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ሌላ ዓይነት ነገር መጣ። በእንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ የግሡን ጭራ ቆርጦ ይጥላል አሉን። በአማርኛና በዕብራይስጥ ግን ቆርጦ መጣል አይቻልም። «መጣች» ከሚለው ሴትነቱንና ጊዜውን ሁሉ ብታወጡ በአፍ የሚነገር ነገር አይቀርም። ስለዚህ በዕብራይስጥ ተናጋሪዎች ላይ እንደታየው ሰውየው ቅርጹን ይለዋውጣል። አባታችንም እናታችንን «አንተ»፣ እኛን ወንዶቹን «አንቺ» ማለት ጀመረ። ቤት ውስጥ ሳቅን። አንድ ቀን ግን ቄስ ሊጠይቁት መጡ፣ በሩ ላይ ሲያያቸው ደስ ብሎት «ግቢ!» አላቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። አባታችን ራሱ ወዲያው አውቆት ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ቄሱ «እሺ፣ ገባሁ» ብለው ገብተው አጠገቡ ተቀመጡ። እንዲህ ዓይነት ሰው «አንተ» ቢላችሁ ንቀት አይደለም። «እርስዎ»ን እየፈለገ አጥቷት ነው።

ዜማም ረድቶናል። ሠርግ ላይ ሰዎች ሲያጨበጭቡ ተቀባዮቹን ተከትሎ ቃሉን ከነዜማው ሲል ሰማነው፤ እናታችን አለቀሰች። ክሊናኢቷ ግን አልገረማትም። በ1973 ቦስተን ውስጥ ሐኪሞች ያወጡት ዘዴ አለ፤ አጭር ዓረፍተ ነገር ከፍና ዝቅ እያደረጉ ያዜሙታል፣ ግራ እጅ በየቀለሙ ይመታል፣ ቀስ በቀስ ዜማው ይቀነስና ወደ ንግግር ይመጣል። ለሁሉም አይሠራም። ሰው እየገባው መናገር ለሚያቅተው ነው የተሻለ የሚሆነው። «ው-ሃ-ስ-ጡ-ኝ»፣ ጠረጴዛ እየመታ። መጀመሪያ አብረን፣ ከዚያ እኛ ስንቀንስ እሱ ሲቀጥል። ዛሬ ያለ ዜማ ይለዋል፣ ጣቱ ብቻ ጉልበቱ ላይ ይንቀሳቀሳል።

ሰዓቱ ነው የሚያንሰው። የተፈቀደልን በሳምንት ሁለት ጊዜ ነበር። በ2017 ጀርመን አገር 156 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ስትሮኩ ካለፈ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ሰዎች ወሰደ፤ ዕድሜያቸው ከ70 ያላለፈ። ቢያንስ ሦስት ሳምንት፣ በሳምንት 10 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲሠሩ ንግግራቸው ተሻሻለ፤ ወረፋ የጠበቁት በዚያ ጊዜ አልተለወጡም። «ስድስት ወር ካለፈ አበቃ» የሚለውን ወሬ ስለዚህ አንቀበልም። አባታችን ከ70 በላይ ነው፣ ቢሆንም የጎደለውን ሰዓት ቤት ውስጥ ሞላነው፤ አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ማታ፣ በግማሽ ግማሽ ሰዓት። ይሰለቻል። ይቆጣል። ካርድ ወርውሮ ያውቃል።

ለጠያቂዎች ጥቂት። ደንቆሮ አይደለም፣ አትጩኹበት። ሁላችሁም በአንዴ አትናገሩ፤ ቴሌቪዥኑን አጥፉ። «ምን ትፈልጋለህ?» ከማለት «ሻይ ነው ቡና?» በሉት። ቃል ሲፈልግ አትቅደሙት፤ ቆዩ፣ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ደግሞ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ስለ እሱ እንደሌለ አታውሩ። አንድ ዘመድ አልጋው ሥር ቁጭ ብሎ «የዚህስ አለቀለት፣ ይገላግለው» አለ። አባታችን ከዚያ በኋላ ለአራት ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ልምምድ እምቢ አለ። እናታችን ያን ዘመድ በሩ ላይ አስቁማ ምን እንዳለችው እንዳንጽፍ ከልክላናለች።

የልጅ ልጁ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከ«ሳባ» ጋር የሚጫወቱት በዚያች በፋብሪካ ዕብራይስጥ ነበር፤ እሷ አማርኛ የላትም። ዕብራይስጡ ሲጠፋ መሃላቸው ምንም አልቀረም፤ ለጥቂት ወራት ወደ ክፍሉ መግባት ፈራች። አሁን ካርድ የምታነሣለት እሷ ናት። ካርዱ ጀርባ ላይ ስሙን በዕብራይስጥ ፊደል ጽፋለች። እሱ ሲያቅተው እሷ የመጀመሪያዋን ድምፅ ትሰጠዋለች፣ እሷ ስትሳሳት እሱ በአፉ ባይችል በጣቱ «አይደለም» ይላታል። «ጠ»ን ገና አልቻለችም፣ «ምታድ» ትላለች። ሦስት ጊዜ አስደገማት።

ካርዶቹ አሁን መቶ አልፈዋል። ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ይጻፍልን፣ ፎቶ አንሥተን እንልካለን፤ ገንዘብ የለበትም። የእርሻውና የወጥ ቤቱ የተሟላ ነው። የጎደለን የብረት ሥራና የሽመና ዕቃ ነው። የአባታችን አባት ብረት ይቀጠቅጡ ነበር፤ ወናፍ፣ ጉጠትና መዶሻ ሥለናል፣ ከዚያ በላይ ስሙን የምናውቀው የለም። አባታችን በእጁ ያሳየናል፣ ስሙን ግን ማውጣት አልቻለም። ሥራውን የምታውቁ አባቶች ካላችሁ የዕቃዎቹን ስም በድምፅ ቀርጻችሁ ላኩልን፤ እናሰማዋለን።